ግድቦቹ ኃይል እያመነጩ ድስቱ ለምን ከከሰል አልወረደም? የኤሌክትሪክ ምድጃ በምሥራቅ አፍሪካ ማዕድ ቤቶች

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዩጋንዳ በናይል ወንዝ ላይ የገነባችውን 600 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የካሩማ ግድብ አስመርቃለች። ታንዛኒያም በሩፊጂ ወንዝ ላይ የሠራችውን የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ 2,115 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ አድርጋ አጠናቅቃለች። የሦስቱ ድምር ከ7,800 ሜጋ ዋት ይበልጣል። ምሥራቅ አፍሪካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል የጨመረበት ሌላ ዘመን የለም።

ይሁንና ፀሐይ ስትጠልቅ በካምፓላ፣ በዳሬሰላምም ሆነ በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚሸተው የከሰል ጢስ ነው። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ ኤሌክትሪክ የገባላቸው ቤቶች እንኳ ድስታቸውን የሚጥዱት ከሰል ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.አ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ መካከል ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በክረምት ወራት በር ዘግተው ከሰል ያቀጣጠሉ ቤተሰቦች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው የመገኘታቸው ዜናም ለቀጣናው ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

እ.አ.አ. በግንቦት 2024 በፓሪስ በተካሄደው የአፍሪካ ንጹሕ የማብሰያ ኃይል ጉባኤ ላይ መንግሥታትና ኩባንያዎች 2.2 ቢሊዮን ዶላር ለማዋል ቃል ገብተዋል። ኬንያ በዚያው ዓመት በኤሌክትሪክ ስለማብሰል ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥታለች፤ ታንዛኒያም እ.አ.አ. በ2034 ከሕዝቧ 80 በመቶ የሚሆነው ንጹሕ ማብሰያ እንዲጠቀም አቅዳለች። ዕቅዶቹ የሚናገሩት ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ቢሊዮን ነው። የጉዳዩ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከቆጣሪው እስከ ድስቱ ባለችው አሥር ሜትር በማትሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ የድስቱ ቂጥ፣ የቤት አከራዩ ፈቃድ እና መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚሆነው ነገር ሁሉ እዚያ አለ።

ይህን በጉልህ የሚያሳየው ባለ መስታወቱ የሴራሚክ ምድጃ ነው። በአዳዲስ አፓርታማዎች ተገጥሞ ይመጣል፤ በትንሹ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውም በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ይሸጣል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገራት የሚመለሱ ሠራተኞችም ይዘውት ይገባሉ። ከቀድሞው ባለ ሽቦ ስቶቭ የተሻለ፣ ከኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ የረከሰ በመሆኑ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ዘመናዊ ምድጃ እየሆነ ነው። የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካለ ማብራሪያ ነው፤ መመሪያ ቢኖረውም የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት አገር ነው።

ከመስታወቱ በታች

የምድጃው ገጽ ተራ መስታወት አይደለም። ነገሩ የተገኘው እ.አ.አ. በ1953 በአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ሲሆን፣ አጋጣሚውም ብልሽት ነበር። ዶናልድ ስቱኪ የተባለው ኬሚስት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሊያሞቅ ያስገባውን መስታወት እቶኑ ከ900 ዲግሪ በላይ አጋለበት። ሲያወጣው ወደ ወተት ነጭነት ተለውጧል፤ ከእጁ አምልጦ ወለል ላይ ሲወድቅም አልተሰበረም። ከዚያ በተደረገው ምርምር የተገኘው ቁስ ሲሞቅ አይለጠጥም፣ ሲቀዘቅዝም አይኮማተርም ማለት ይቻላል። የጀርመኑ ሾት ኩባንያም እ.አ.አ. በ1971 ለምድጃ የሚሆነውን አቀረበ።

ከመስታወቱ ሥር የተጠመዘዘ የብረት ጥብጣብ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግልና ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ሙቀቱም መስታወቱን አልፎ በቀጥታ ወደ ድስቱ ይወጣል። መስታወቱ ሙቀትን ወደ ጎን ስለማያስተላልፍ ቀዩ ክብ ሲግል ከእሱ በአንድ ስንዝር ርቀት ያለው ቦታ እጅ ሊያስነካ ይችላል። ጥቅሙም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በእሳት ያደገ ሰው የሚጠነቀቀው ነበልባልን ስለሆነ፣ ጠፍቶ ጥቁር የሆነውን ገጽ እንደ ቀዘቀዘ ይቆጥረዋል።

አዲስ ተጠቃሚዎችን የሚያሳስብ ሌላም ነገር አለ፤ ቀዩ ብርሃን ለደቂቃ በርቶ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። ብዙዎች ምድጃው ተበላሸ ብለው ወደ ጥገና ይወስዱታል። ብልሽት ግን አይደለም። ምድጃው ኃይሉን የሚመጥነው ኤሌክትሪኩን እያቋረጠና እየለቀቀ ነው፤ በትልቁ ኃይል ላይ ሆኖም መስታወቱ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቅ መገደቢያ አለው። ይህ መገደቢያ አዘውትሮ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ያለው ድስቱ ላይ ነው። የድስቱ ቂጥ ጎድጉዶ ወይም ተጣሞ መስታወቱ ላይ ካላረፈ ሙቀቱ ወደ ምግቡ ከመግባት ይልቅ ተመልሶ መስታወቱን ያግለዋል፤ መገደቢያውም ያጠፋዋል። ምግቡ ይዘገያል፣ ቆጣሪው ግን ይሮጣል።

መብራት ሲጠፋ፣ መብራት ሲመጣ

እ.አ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2023 ምሽት ኬንያ ከዳር እስከ ዳር ለሰዓታት ጨለማ ውስጥ ገብታ ነበር፤ የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ይህን ያህል የሰፋው መቋረጥ ብርቅ ሊሆን ይችላል። በየሰፈሩ ለአንድ ሰዓት ወይም ለግማሽ ቀን የሚቆየው ግን የሥራ ቀን ያህል የተለመደ ነው። ለሴራሚክ ምድጃ ዋነኛው የደኅንነት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከፋብሪካ በሚመጡ መመሪያዎች ውስጥ ግን ብዙ ቦታ አይሰጠውም።

አብዛኞቹ ምድጃዎች ገጹ ትኩስ መሆኑን የምታስጠነቅቅ ትንሽ ቀይ መብራት ወይም ምልክት አላቸው። ምድጃው ከጠፋ በኋላም መስታወቱ እጅ እስኪያስነካ ድረስ በርታ ትቆያለች። ነገር ግን እሷም የምትሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ወጥ እየፈላ ሳለ የሰፈሩ መብራት ቢጠፋ ምልክቷም አብራ ትጠፋለች፤ መስታወቱ ግን ገና በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ የጋለ ነው። በጨለማ ውስጥ ሻማ የምትፈልግ እጅ ወይም ከወንበር ላይ የሚንጠራራ ሕፃን የሚደርሱበት እዚያው ነው። ስለዚህ ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ድስቱን ካለበት አለማንሳት ይመረጣል። የተጣደ ድስት ከስሩ ያለው ነገር ትኩስ መሆኑን ለሁሉም ይናገራል፤ ምግቡም በቀረው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው መብራቱ ሲመለስ ነው። በጣት በመንካት የሚታዘዙት ምድጃዎች ባጠቃላይ ኃይል ሲመለስላቸው ጠፍተው ይጠብቃሉ። በሚዞር ማብሪያ የሚሠሩት ግን ማብሪያው ከተተወበት ቦታ ይነሣሉ። ቤተሰቡ መብራቱን ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ ከሰል አቀጣጥሎ እራቱን ይበላና ይተኛል። መብራቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። ባዶው ምድጃ፣ ወይም ከዚያ የባሰው፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ሳህንና የእጅ ፎጣ የተቀመጠበት ምድጃ መጋል ይጀምራል። መፍትሔው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ መብራት በጠፋ ቅጽበት ማብሪያውን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ስፒናውን መንቀል ወይም ብሬከሩን ማውረድ ነው። ኃይሉ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ መልካም ነው፤ በተመለሰበት ቅጽበት ቮልቴጁ ይዋዥቃልና። የሴራሚክ ምድጃ ሲያርፍ እንደ ጠረጴዛ የማያገለግለውም ለዚህ ነው፤ ጠፍጣፋና ንጹሕ መሆኑ በጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ዕቃ ለማስቀመጥ ይጋብዛል።

ማታ ማታ የሚመጣው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ሲያበስል የመስመሩ ቮልቴጅ ይወርዳል። የምድጃ ኃይል የሚለካው በቮልቴጁ ሁለተኛ እርከን ስለሆነ ቅናሹ ከሚገመተው በላይ ነው። 220 ቮልት መሆን የነበረበት መስመር ወደ 180 ቢወርድ ምድጃው ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ምድጃዬ ደከመ የሚለው የተለመደ አቤቱታ ብዙ ጊዜ የመስመሩ እንጂ የምድጃው አይደለም። ሴራሚኩ በዚህ ረገድ ከኢንዳክሽን ይሻላል፤ ኢንዳክሽን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ በመሆኑ ቮልቴጁ ከልክ በታች ሲወርድ ራሱን ያጠፋል፣ ከልክ በላይ ሲወጣም ለጉዳት ይጋለጣል። በጥናት ላይ ኢንዳክሽን የተሻለ የኃይል ቁጠባ ቢያሳይም ለሚዋዥቅ መስመር ሴራሚኩ ታጋሽ ነው፤ የኢንዳክሽን አስተዋዋቂዎች ይህን ሲያነሱ አይሰማም።

ሽቦው የማይሸከመው

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ አንድ ክብ የሴራሚክ ምድጃ ብዙውን ጊዜ 2,000 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ገደማ ይስባል። ባለ አራት ክቡ ሁሉም በአንድ ላይ ሲበሩ ወደ 7,000 ዋት ይደርሳል፤ ይህም 32 አምፔር ያህል ነው። የመጀመሪያው ደኅና በሆነ የግድግዳ ሶኬት ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው ግን ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አይችለውም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ነገሩን የሚያወሳስበው ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ሲስብ ለብቻው 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ምጣዱና ምድጃው በአንድ መስመር ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው፤ ሽቦው ከመንደዱ በፊት ቆርጦታል። አሳሳቢው በየጊዜው የሚወርደውን ብሬከር ነቅሎ በትልቅ መለወጡ ነው። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ ማንም ሳያየው ይግላል። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ሴራሚኩን አለማብራት ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከማናቸውም የቴክኒክ ምክር ይበልጣል።

የስፒናው ጉዳይ ቀላል ይመስላል። ከዱባይና ከሪያድ የሚመጡ ምድጃዎች የእንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ስፒና አላቸው። በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ሶኬቱም ተመሳሳይ ስለሆነ ችግር የለም። በኢትዮጵያ ግን ሶኬቱ የአውሮፓው ባለ ሁለት ቀዳዳ በመሆኑ በመሐል መቀየሪያ ይገባል። በርካሽ መቀየሪያዎች ውስጥ ሦስተኛው እግር የትም አይደርስም፤ ከምድጃው አካል ወደ መሬት የሚወስደው የኧርዝ መስመር ተቆርጧል ማለት ነው። ወጥ ገንፍሎ ወደ ውስጥ ቢገባ ወይም ሽቦ ቢላጥ የምድጃው የብረት አካል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ስፒናውን በባለሙያ ማስቀየር ከመቀየሪያው ብዙም የማይበልጥ ወጪ ነው። መቀየሪያውን በማከፋፈያ ላይ፣ ማከፋፈያውን ደግሞ በሌላ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የእሳት አደጋን መጥራት ነው። ከሃያ ደቂቃ ማብሰል በኋላ ስፒናውን በእጅ መዳበስ ጥሩ ፈተና ይሆናል፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ምድጃው ከዚያ ሶኬት መነሣት አለበት።

መስታወቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ቢሆን ምድጃው ሥራ አቁሟል ማለት ነው። በስንጥቁ በኩል የሚሰርግ ውኃ ከስር ያለውን ሽቦ ያገኛል። መጀመሪያ ኃይሉን ከብሬከሩ ማጥፋት፣ ከዚያ ድስቱን ማንሳት፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። በማስቲሽ ለጥፎ መጠቀም የሚሞክሩ አሉ፤ አይሆንም። ዘይት ሲቀጣጠልም ውኃ መድፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳኑ መድፈን ይበቃል።

የምሥራቅ አፍሪካ ድስት

የሴራሚክ ምድጃ የተነደፈው ቂጡ ወፍራምና ጠፍጣፋ ለሆነ የብረት ድስት ነው። የቀጣናው ማዕድ ቤት ግን ከእሳት ጋር ያደገ ነው። የሸክላ ድስት ቂጡ ሉል ነው፤ የጀበናም እንዲሁ ጎበጥ ያለ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ወይም በከሰል ፍም ላይ ቢቀመጡ እሳቱ ከሁሉም ጎን ያቅፋቸዋል። በመስታወት ላይ ግን የሚነኩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ያልተለሰለሰው የሸክላ ቂጥም መስታወቱን ይቧጥጠዋል። ሽሮ በሸክላ ካልቀረበ የሚከፋቸው ብዙ ናቸው። በብረት ድስት አብስሎ በሞቀ ሸክላ ገልብጦ ማቅረብ ግን ጣዕሙንም ምድጃውንም ያተርፋል። ለጀበናው የሚስማማ መላ የለም፤ ለቡና ሥነ ሥርዓት ከሰሏን የማይተው ቤት እንዳለ ይኖራል፣ መስኮቱን መክፈት ግን ይቻላል።

በኬንያና በታንዛኒያ ሱፉሪያ የሚባለው ስስ የአሉሚኒየም ድስት ሌላ ፈተና ነው። በከሰል ላይ ለዓመታት ሲግል ቂጡ ይጎብጣል፤ በሴራሚክ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አያርፍም። ኡጋሊ ደግሞ በኃይል የሚማሰል ምግብ ነው፤ ድስቱ በለስላሳ መስታወት ላይ እየተንሸራተተ ማማሰል ለቃጠሎ ያጋልጣል። የዩጋንዳው ማቶኬ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ለሰዓታት የሚታጠን በመሆኑ በሴራሚክ ምድጃ ላይ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ለእንዲህ ያለው ምግብ፣ ለባቄላና ለሥጋም ጭምር፣ እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት የተሻለ ነው። የኬንያው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰዎች በኤሌክትሪክ እንዲያበስሉ በሚያካሂደው ዘመቻ ይህን ድስት የሚያስተዋውቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሰልንና ኤሌክትሪክን እያፈራረቀ የሚጠቀም ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ጥላሸት የለበሰ ድስት መስታወት ላይ ሲጣድ ጥላሸቱ ተጋግሮ ይቀራል። በአሸዋ ወይም በአመድ የታጠበ ድስት ቂጥ ላይ የቀረች ቅንጣት መስታወቱን ትሰነጥረዋለች። ለሴራሚኩ የተለየ ድስት መመደብ፣ ከመጣድ በፊትም ቂጡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ማጽዳቱ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ በሽቦ መፈግፈግ አይገባም። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ። ስኳር ያለበት ነገር፣ ሻይም ይሁን ማርማላታ፣ ቢገነፍል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አይቻልም። ስኳሩ ሲጠነክር ከመስታወቱ ጋር ይጣበቅና ሲነሣ የመስታወቱን ገጽ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ኃይሉን አጥፍቶ፣ እጅን ከሙቀቱ እየጠበቁ፣ ገና ትኩስ ሳለ በመፋቂያ መጥረግ ያስፈልጋል። የቀለጠ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው።

ቁጠባውን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ በፊዚክስ ሕግ 0.09 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። የሴራሚክ ምድጃ ከሚወስደው ኃይል ሰባ በመቶ ያህሉን ወደ ድስቱ ስለሚያደርስ እውነተኛው ፍጆታ 0.13 ይሆናል። ክዳን ከሌለና ድስቱ ከክቡ ካነሰ ግን ከዚህ ይበልጣል። ከሰል ላይ ያለቀለት ሥራ በሴራሚክ ላይ አይሠራም፤ መስታወቱ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ይወስዳል። ቁሌቱ ከተቁላላና ወጡ ከፈላ በኋላ ኃይሉን ወደ ዝቅተኛው ማውረድ፣ ምግቡ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረውም ማጥፋት ልማድ ሲሆን ልዩነቱ በወር ክፍያ ላይ ይታያል።

የሚገርመው ይህን ሁሉ በሚገባ የሚያውቁ በቀጣናው በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች መኖራቸው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤምሬቶች፣ በኩዌትና በሊባኖስ ቤቶች የሠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኬንያውያንና ዩጋንዳውያን እንዲህ ባለው ምድጃ ለዓመታት አብስለዋል፤ ከጉዞ በፊት በሚሰጥ ሥልጠናም የቤት ዕቃ አጠቃቀም ይካተታል። ለሰው ማዕድ ቤት የሚሰጠው ሥልጠና ለራስ ማዕድ ቤት የለም። ንጹሕ ማብሰያን የሚያስፋፉ መንግሥታት በየቀበሌው የሚያስረዳ ባለሙያ ሲፈልጉ ከስደት የተመለሱትን ለምን እንደማይጠይቁ ግልጽ አይደለም።

ቆጣሪው የማን ነው?

ምድጃው ሠርቶ፣ ሽቦው ችሎ፣ ድስቱ ተስማምቶ እንኳ ቤተሰቡን ወደ ከሰል የሚመልሰው ታሪፉ ሊሆን ይችላል። ኬንያ እ.አ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የቤት ደንበኞችን በሦስት ከፍላለች፤ በወር እስከ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመው በዝቅተኛው ዋጋ ይስተናገዳል፣ እስከ 100 የሚደርሰው በመካከለኛው፣ ከ100 በላይ ያለው በከፍተኛው። ለመብራትና ለቴሌቪዥን 30 የሚበቃው ቤተሰብ በቀን ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ለማብሰያ ቢጨምር ፍጆታው ወደ 90 ይወጣል። ያኔ የሚጨምረው የማብሰያው ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ድሮ በርካሽ ያገኘው የመብራቱም ዋጋ አብሮ ወደ ላይኛው እርከን ይገባል።

ዩጋንዳ ተቃራኒውን ሞክራለች። የመጀመሪያዎቹ 15 ኪሎ ዋት ሰዓቶች ለድሆች ተደጉመው፣ እስከ 80 ያለው በመደበኛው ዋጋ ሆኖ፣ ከ81 እስከ 150 ያለው ግን ለማብሰያ በሚል ዋጋው ወደ 412 ሺሊንግ ዝቅ ተደርጎ ነበር የተጀመረው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ለሚያበስል ቤት ሽልማት ይሰጣል። ነገር ግን ወደ ቅናሹ ለመድረስ በመጀመሪያ 65 ኪሎ ዋት ሰዓት በመደበኛው ዋጋ መክፈል ያስፈልጋል። በ15 ብቻ የሚኖረው ቤተሰብ የርካሹን ኃይል በር ከሩቅ ያያል እንጂ አይገባበትም። ተጠቃሚው ከሰሉን አስቀድሞ በጋዝ የተካው የከተማ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ይሆናል።

በሞቃዲሾ ጥያቄው ከዚህ አይደርስም። ኃይሉ በግል ኩባንያዎች እጅ ሆኖ ከቀጣናው እጅግ ውድ ከሚባሉት ተርታ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት እ.አ.አ. በየካቲት 2012 የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ቢያግድም የአገር ውስጥ ድስቱ አሁንም በከሰል ላይ ነው። በሱዳን ደግሞ እ.አ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ያለው ጦርነት የኤሌክትሪክ መሠረተ ልማቱን ራሱን ዒላማ አድርጎታል።

በኢትዮጵያ ዋጋው ለረጅም ጊዜ ከቀጣናው ርካሹ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ የሚሄድ ማሻሻያ ተግባራዊ እየሆነ ነው። እርከኑም ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ ይከፍላል። ይህ አሠራር ሀብታሙ ድሃውን እንዲደጉም ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ግን አንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙት አምስት ወይም ስድስት ቤተሰቦች ናቸው። የእያንዳንዱ ፍጆታ ትንሽ ቢሆንም ድምሩ በቆጣሪው ላይ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይነበባል፤ ተከራዩም በሀብታም ዋጋ ይከፍላል።

ውጤቱ የቤት ኪራይ ለጠየቀ ሁሉ የታወቀ ነው። አከራይ ስለ ወሩ ክፍያ ከመናገሩ በፊት ስቶቭና ምጣድ እንደማይፈቀድ ያስታውቃል። አከራዩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚመጣውን ሒሳብ እንዴት እንደሚያከፋፍል አያውቅም፣ ያረጀው ሽቦም ያስፈራዋል። ስለዚህ አንዲት ተከራይ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝታ፣ ለሴራሚክ ምድጃ የሚሆን ገንዘብም አጠራቅማ፣ ከደጅ ከሰል ልትገዛ ትችላለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲያግድ ክርክሩ አገር ያዳረሰ ነበር። የማብሰያው ጉዳይ ከመኪና ይልቅ ብዙ ሰው የሚነካ ቢሆንም እንዲህ ያለ ክርክር አልተነሳለትም።

ለተከራዮች የሚቀርበው የመጀመሪያ እርዳታ አዲስ ምድጃ ሳይሆን ንዑስ ቆጣሪ ነው። በየክፍሉ በር ላይ የሚገጠም፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ በአከራይና በተከራይ መካከል ያለውን ጥርጣሬ ያነሣል፤ በአንዳንድ ግቢዎችም በነዋሪዎች ስምምነት ተገጥሟል። የታሪፉን እርከን ግን አይለውጠውም። ለዚያ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት አንድን ግቢ እንደ አንድ ደንበኛ ከመቁጠር ወደ ቤተሰብ ቁጥር መሸጋገር ይኖርበታል። በየሦስት ወሩ የሚጨምረው ማሻሻያ የሚጠናቀቀው በ2021 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ጭማሪ በጋራ ቆጣሪ ላይ ላሉት እጥፍ ሆኖ ይደርሳቸዋል።